አለ

ሊፍት በሌለው ሕንፃ፣ አፉላ ከተማ፣
አባቴ ደረጃ ይወጣል፣ በየመሐሉ እያረፈ፣ ጉልበቱን እያማ።
ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይቀመጣል፣ ትንፋሹ እስኪሰበሰብ፤
የጣሪያው ዓይን ዝም ያለ ሰው አያውቅም፣ እንደሌለ ነው የሚያስብ።
ቀጭ ይላል፤ ጨለማ።
እጁን ያወዛውዛል አባቴ፣ ወፍ እንደሚያባርር ከማማ፤
«እኔ ነኝ፣ አለሁ» ይለዋል፣ አምፖሉን እንደ ዳኛ እየተማጠነ፤
ስሙ አለልኝ ነው፣ በአምፖሉ ችሎት ግን
«የለም» ተብሎ የተበየነ።

እኔ የምሠራው ዮቅንዓም ነው፣ በሌሊቱ ፈረቃ፤
የራዳር ቺፕ እፈትሻለሁ፣ ከምስር ክክ የማይበልጥ ዕቃ።
ዓይን የለው፣ ሙቀት አይሻ፤
የማይታይ ሞገድ ይልካል፣ እስከ ክፍሉ መጨረሻ፤
ሞገዱ እንደ ሄደ ከመጣ፣ ወንበር ነው፣ ግድግዳ ነው፣ ያልፈዋል፤
ፀጉር ታህል ተዛብቶ ከመጣ ግን
«አለ» ይላል።
ደረት ሲነሣ፣ ደረት ሲወርድ፣
የተኛ ሰው ሳያውቀው ስለ ራሱ የሚሰጠው ቃል፣
ያለ ዳኛ፣ ያለ ፍርድ።

የምድጃውን ፈተና የወደቁት ይጣላሉ፣ ሰማንያ ዲግሪ ያልቻሉ፤
ቅርጫት ውስጥ ተኮልኩለው ሰነፍ ተማሪ ይመስላሉ።
«ውሰድ አንዱን» አለኝ ጌናዲ፣ አለቃዬ፤
«ደረጃችሁ ሰማንያ ዲግሪ አይሞቅም፣ ነሐሴም ቢሆን።»

ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ በየድኩት፣
በባዶ የኮቴጅ አይብ ዕቃ ከደንኩት፤
ፕላስቲክ ለእሱ አየር ነው።

የመጀመሪያው ሌሊት፣ መጋረጃው ተነፈሰ፤ «አለ» አለ።
በማግስቱ ቬንትሌተሩ ዞረ፤ «አለ» አለ።
ከዚያ ደግሞ ግድግዳው ውስጥ፣ በቧንቧው፣ ውሃ ወረደ፤
ማንም ሳይኖር «አለ» አለ፣
ዓይን ባይኖረውም ዓይኑን በጨው አጥቦ።

አራተኛው ሌሊት ግን ቧንቧው ዝም፣ መስኮቱ ዝግ፣ ዘጠኝ ሰዓት፤
በስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ይሄዳል፣ ይመጣል፣
በእርጅና እርምጃ፣ በዝግታ፣ ያለ ዕረፍት።
ከጂብሱ ግድግዳ ማዶ ሪማ ነበረች።
የማውቅላት አንድ «ሻሎም» እና የቆሻሻ ከረጢት፤
እንቅልፍ እንደሌላት ቺፑ ነገረኝ፣ ሳልጠይቀው።
አፈርኩ። የሰው ጓዳ በወንፊት ማየት!
ልኩን ከሰባት ወደ አራት አወረድኩት፤
በአንድ ጣት
ሪማን አጠፋኋት።

ደረጃው ላይ ሰቀልኩት።
አባቴ ተቀመጠ። ዝም አለ። ጣቱን አላነሣም።
«አየኸኝ?» አለው ቆይቶ፤
አምፖሉ አልመለሰም፤ አልጠፋም።

ጥቅምት ላይ፣ ከፈረቃ ስመለስ፣ ጎሕ ሊቀድ ሲል፣
ከመንገዱ አየሁት፣ ሁለተኛው ፎቅ በርቷል።
አባቴና ሪማ፣ አንድ ደረጃ ላይ፣
መካከላቸው የሱፍ ፍሬ ቅርፊት ክምር፤
እሱ ሩሲያኛ አያውቅ፣ እሷ አማርኛ፣
ዕብራይስጡ ለሁለቱም የጎበጠ በር።
አይነጋገሩም። አይንቀሳቀሱም።
ስልኬን አየሁ፤ ቺፑ ጽፏል፦ ሁለት።
ከአንድ ሰዓት በላይ፣ ሳያቋርጥ፦ ሁለት።
እኔ የሰረዝኳትን ሴት
በራሷ እግር ወጥታ አስቆጠረች።

ትናንት የሕንፃው ኮሚቴ ወረቀት ለጠፈ፦
«የደረጃው መብራት ሌሊቱን ሙሉ ይነዳል፣ ሒሳቡ ከልክ አለፈ፤
የገጠመው ሰው ይቀንሰው።»
መሰላል አቆምኩ፣ መፍቻ ያዝኩ፣ ክዳኑን ከፈትኩ፤
ከሰባት አራት ያደረግሁበት ያው ጣት።
ከታች አባቴ «ተበላሸ እንዴ?» አለኝ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፤
«ኧረ ደኅና ነው» አልኩት።
ክዳኑን መለስኩ፣ ወረድኩ፤
ከወረቀቱ ግርጌ «ትርፉን እኔ እከፍላለሁ» ብዬ ጻፍኩ፣
ፈረምኩም፣ ስሜን ከነአባቴ፦
መብራቱ አለልኝ።