ክር

«ሙሄ አራጋው» ብል፣ «ማነው?» ይለኛል ተሳፋሪ፣
ሐረጎን ስንወርድ፣ እጄ ከመሪ፣
ዓይኔ ከጥምዝምዙ፤
ዝም እላለሁ። ከየት ይጀመራል መምዘዙ?

ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣ የሌሊት ፈረቃ፣
ሙሄ ክር ቀጣይ ነበር፤ ክር ሲበጠስ የሚነቃ።
መቶ መኪና ባንዴ ሲንኳኳ፣
ከጩኸቱ ሥር ባዶ ቦታ ይሰማው ነበር ለካ።
«አንደኛውን እለፈው!» ይለኛል ጆሮዬ ላይ ጮሆ፣
«ሁለተኛው ላይ ውረድ!»
እኔ ዘይት ቀቢ፤ ምኑም አልገባኝ፤
በመፍቻ ብረት ስመታው፣ የሦስት ቀን ደሞዝ አለቃ ቀጣኝ።

ካሴቶቹን ያመጣቸው ሁመድ ነው፣ ያሰብ መስመር ሾፌር፤
ከመርከበኛ የለወጣቸው፣ በሁለት ኪሎ በርበሬ።
አንዱ የጃማይካ፤ ቤዙ እንደ ጠገበ በሬ
ቀስ ብሎ የሚራመድ።
ሌላው ያሜሪካ፤ አንድ ሽማግሌ
ጊታሩን በጠርሙስ አንገት እየፋቀ፣
ስለ ባቡርና ስለ ጥጥ የሚያንጎራጉር፤ እያለቀሰ ይሁን እየሳቀ
አይለይም። ቋንቋውን ማን ያውቃል?
«ኮተን» የምትለዋን ብቻ፣ ከጥጡ እስር ላይ ታትማ እናውቃታለን።

አንድ ሌሊት ሁለቱም ተበጠሱ።
ሙሄ በእህቱ በዘይነባ የጥፍር ቀለም
ያንዱን ጭራ ካንዱ ራስ ቀጠለ፤
መጋጠሚያው ላይ፣ አንዲት ትንፋሽ ታህል፣ ድምፅ የለም።
ደጋግሞ ሰማት።
«ቤቴ እዚህች ላይ ነው» አለ።

ከጊታሩ ስድስተኛውን ክር ፈትቶ በር አሰረበት፤
«ባቲ አምስት ይበቃታል፤ ትርፉ ለሌባ ነው» አለና።
ያን ሰሞን ጻፈ፣ በፋብሪካው ካርቶን ጀርባ፦

   ክሬ ተበጠሰ ከመኪናው መሐል፣
   ቀጣይ ነኝ ለሰው ክር፣ የኔን ማን ይቀጥላል?

ቃሉ የኛ፣ አረማመዱ የጃማይካ፣ ኀዘኑ የዚያ ሽማግሌ፤
ከሁለቱ ስንኞች መካከል ደግሞ ያቺ ዝምታ።
እኔ መፍቻዬን ጥዬ ቤዝ ያዝኩ።

ሆጤ ሠርግ ላይ ጠሩን። ሙሽሮቹ ቁጭ። ሚዜው ተነሣ፦
«ይሄ ያስለቅሳል ወይስ ያስጨፍራል? አንዱን ምረጡ!»
ግማሽ ሒሳብ ይዘን፣ በጓሮ በር፤ እራትም አልሰጡ።
የአዲስ አበባው ነጋዴ፦ «ሬጌ እንዳልለው ባቲ ነው፤ ብሉዝ እንዳልለው ይወዛወዛል፤
ስም የሌለው ዕቃ የት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል?»

ተበድረን ሦስት መቶ ካሴት አሳተምን።
ሽፋኑ ላይ፣ በማተሚያ ቤቱ ስሕተት፣ «ሙሴ አራጋው»።
እኔ በገንኩ፤ እሱ ሳቀ፦
«ሙሴ ባሕር ከፈለ፤ እኔ ሁለት ባሕር ሰፋሁ።»
ሦስት መቶውንም ሾፌሮች ወሰዱት፤
ሌሊት፣ ጭነት መኪና ሐረጎን ሲወጣ፣ በየጥምዝምዙ
የኔ ቤዝ ይወርዳል፣ የሙሄ ድምፅ ይወጣል።
ዝናችን ያን ያህል ነበር፤ ከደሴ እስከ ሚሌ፣ በጨለማ።

ያሰብ መንገድ ተዘጋ። ሁመድም በዚያው ቀረ።
ሙሄ ክር እየቀጠለ ጡረታ ወጣ፤ የጥጡ ብናኝ ሳንባው ውስጥ ነበረ።
ጦሳ ጉም በለበሰ ቀን ቀበርነው፤
ጊታሩ ግድግዳ ላይ ነው፣ ባምስት ክሩ፤ በሩም እንደታሰረ።

ትናንት ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ
በስልኩ ያንን ዘፈን ከፈተ።
አፍጥነውታል፤ ከበሮ ጨምረውበታል፤ የደራሲ ስም የለው።
መጋጠሚያዋ ግን አለች፣ ያቺ አንዲት ትንፋሽ።
«የማን ነው?» አልኩት በመስታወቱ።
«እኔንጃ ጋሼ፤ የድሮ ነው» አለና፣
ልክ ሁለተኛው ምት ላይ፣
«ወራጅ አለ!»

ቆምኩ።
ወረደ።
ሒሳቡን መቀበል ረሳሁ፤
ረዳቴ እስከ በርበሬ ወንዝ ሲቆጣኝ ነበር።