ትዕይንት ዐሥራ አራት፣ እሪ በከንቱ

ካሜራው የኪራይ ነው፣ እስከ ስድስት ሰዓት፤
የማሽኑ ዳኛ ደረት የፍሪጅ በር ቁራጭ፣
ዓይኑ የአሮጌ ላዳ የኋላ መብራት።
ውስጡ አንዳርጌ አለ፣ በላብ የራሰ፣
ያለችውን አንድ ቃል ሌሊቱን ያጠና።
ስክሪፕቱ እንዲህ ይላል፦ ዘመኑ ሁለት ሺህ ዘጠና፤
ችሎት የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ ይግባኝ የለ፤
ማሽኑ ፊት አንብቦ ይፈርዳል፣ ይተኩሳል፣
በሦስት ቆጠራ ያልቃል።

ሌባው ቁልቁለቱን ወረደ በሩጫ፣
የፈረሰ ቤት ዘሎ፣ በቆርቆሮው አጥር መውጫ፤
ዳኛው ቋ! ቋ! ቋ! እያለ ተከተለው፣
"ጥፋተኛ!" አለ፤ ክንዱን አነሣው።
አንድ። ሁለት።

የሺመቤት፣ ቲማቲም ቸርቻሪዋ፣
ፊልም ነው ብሎ የነገራት የለ፣
ሚዛኗን ጥላ ብድግ፦
"በሕግ አምላክ!"

ማሽኑ ቆመ።

ዳይሬክተሩ ጮኸ፦ "ተኩስ እንጂ፣ ምን ያዘህ!"
ምን እንደያዘው አንዳርጌም አላወቀ፤
ክንዱ እንደተሰቀለ ደረቀ።
በዚህ ቃል አባቱም ቆመዋል፣
ወራጅ ውሃም ይቆማል ይባላል፤
ሌባው ራሱ ዞሮ ቆሟል።

ለድጋሚ ገንዘብ የለም። ስድስት ሰዓት ሞላ።
እንዳለ ገባ፦
እሪ በከንቱ ላይ ከንቱ ያልቀረች እሪታ፣
ቀዩ መብራት ብልጭ፣ ድርግም፣
ሰው ሁሉ ባለበት፤
ያልቆመው ቲማቲሙ ብቻ፣
ቁልቁል እየተንከባለለ።