አሥራ አራት ግራም

ወልደየስ ከወርቅ ቤት ሚዛን ተውሶ፣
ሂርማታን አቋርጦ መጣ ገስግሶ።
ባቄላ የምታህል ጥቁር ቁራጭ አኖረ፣
ቁጥሩ እስኪረጋለት ትንፋሹን አሠረ።
«አሥራ አራት ግራም!» አለ እንደ ታመመ ሰው፣
«አንድ ደቂቃ ተኩል ከሰማይ ቀነሰው።»

ይመጣል ይመጣል ሲሉት የከረመው ትእዛዝ
ይህች ናት፤ ከድሮናችን ጀርባ ተለጥፋ የምትጓዝ።
በየሰከንዱ ስም፣ በየሰከንዱ ቁጥር፣
ምን ያህል ከፍ እንዳለ፣ ወዴት እንደሚበር፤
ይህ ብቻ ቢሆንማ ማን ይጣላት ነበር!
የእኔንም ትናገራለች፣ የቆምሁበትን ሣር።

በነዚፍ ሱቅ ጓሮ ካውያው እየጨሰ፣
የአራት ሰው ክርክር እስከ ማታ ደረሰ።

ነዚፍ፦ «ባጃጅ ታርጋ አላት፤ በሬም ጆሮው ላይ አለው፤
ንጹሕ ሰው ስሙ ቢጠራ ምን ጎደለው?»

ረውዳ ሳቀችበት። ሠርግ ነው የምትቀርጸው።
«ታርጋ መች ይናገራል ባለቤቱ የት እንደቆመ?
እኔ ሜዳ ዳር ብቻዬን፣ ቀኑ እየጨለመ፣
የዕዳ ካሜራ ተሸክሜ በጀርባዬ፣
ነጥብ ተከትሎ ይምጣ ስልክ ያለው ሁሉ ወደ ገላዬ?»

ወልደየስ ስለ ሕግ ማንንም አልጠየቀም፤
የእሱ ክርክር ከግራም አልዘለቀም።
ብሎን እየሞረደ፣ ሽቦ እየቀረጠፈ፣
ሁለት ግራም ሊያተርፍ ስንት ሌሊት አለፈ!

እኔ ግን ዝም አልሁ። ቦዬ ትዝ አለችኝ፣
አንዲት ሴት ከአጥሯ ሥር ቀና ብላ ያየችኝ፤
እኔን እንኳ አይደለም፤ ያየችው ድምፁን ነው፣
ጉማሬ ፍለጋ ረግረጉን ሳሻግረው።
ልጇን በአንድ ክንዷ ጠቅልላ ገባች።
በሩን ዘጋች። መስኮቱንም ዘጋች።
ከዚያ ተመልሳ ልብሱን ከገመድ ሰበሰበች፤
እንዲህ የሚጮኽ ሰማይ ምን እንደሚያዘንብ ሰምታለች።
አፏ «ማነው?» ይላል፤ ካሜራው ጆሮ የለው፣
ከሰማይ ሆኜ ጥያቄዋን በምን አፍ ልመልሰው?

በእኛ አገር ደጅ የቆመ «ቤቶች!» ሳይል አይገባም፣
«እኔ ነኝ» ብሎ ስሙን ሳይሰጥ አጥር አይነካም።
እንግዲህ ይህች ጥቁር ባቄላ (ነዚፍ እውነት አለው)
ከአጥር በላይ ሆና «ቤቶች!» ማለቷ ነው።

ግን ለማን?
የሴትዮዋ ስልክ ባለቁልፍ ነው፣
በላስቲክ የታሰረ፣ ፊደሉ የተፋቀ፤
ስሜ በአየር ላይ አልፏት ራቀ።
የፈራችው አትሰማም፤ የሚሰማው አልፈራም፤
ይህ ግን አይለካም በወልደየስ ግራም።

እሑድ ጠዋት ለጠፍኋት፣ በሁለት ጠብታ ሙጫ።
ረውዳ ከንፈሯን መጠጠች፤ ነዚፍ ገፋልኝ ጩጫ፣
እንደ አሸነፈ ሰው ሳቀ። እኔ አላሸነፍሁም፣ አልተረታሁም፤
ለምን እንደለጠፍኋት ለራሴም አልነገርሁም።
ባጃጅ ተሳፍሬ ወደ ቦዬ ወረድሁ፣
ድሮኑን ከሻንጣ ሳላወጣ አጥሯ ሥር ቆምሁ።
«ቤቶች!»
ውሻ ጮኸ። ሌላ ውሻ መለሰለት። ወጣች።
«ማነው?» አለች፤ አሁን ድምፅ አላት፣ ጉሮሮዋ የሻከረ።

«ባለፈው በላይሽ የጮኸው እኔ ነኝ» አልኋት፤
ስሜን፣ ሰፈሬን፣ የምሠራበትን ሱቅ ነገርኋት።
ዝም። ልጁ ከቀሚሷ ኋላ አንድ ዓይኑን አወጣ።
«በል፣ ከመጣህ አይቀር፣ ያን ነገርህን አውጣ፤
ከምድጃው በላይ ያንጠባጥባል፤ መሰላል የለኝ፣
ቆርቆሮው የቱ ጋ እንደተቀደደ እይልኝ።»

አበረርሁት። ልጁ ጆሮውን ያዘ፣ ግን አልሸሸ።
ሦስተኛው ቆርቆሮ፤ ሚስማሩ ወልቆ ጠርዙ የቆሸሸ፣
ዳገት ላይ እንዳለ ቅጠል ነፋስ የሚያነሣው።
ስክሪኑን ሰጠኋት። ጣሪያዋን ከላይ ስታየው
ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ባቄላዋ በየሰከንዱ ስሜን ትለፈልፋለች፣
ሴትዮዋ ግን ትከሻዬን ይዛ
«ዝቅ አድርገው፣ ወደ ግራ፣ ወደ ግራ» ትላለች።