የፎቶ ቤቱ ኮት

ጋሽ ልየው ትናንት ከሱቄ መጡ፣
ከጋዜጣ ጥቅልል አንድ ፎቶ አወጡ።
«በዚያ በኮምፒውተርህ ቀለም ቀባልኝ፣
ጭረቱን አጥፋና አዲስ አድርግልኝ።

«ሰው እንዲህ ነበረ! እየው አቋሙን፣
እየው የአባቴን ኮት፣ እይ መተኮሱን።
ኑሮው ቀላል ነበር፣ ልቡም ቀላል፣
አንድ ብር ስትይዝ ቅርጫትህ ይሞላል።
አምባዛው እንደ ጉድ፣ በርም አይዘጋም፣
ብስክሌት ጥለህ ብትሄድ ማንም አያነሣም።»

ዝም አልኩ።
ኮቱን አውቀዋለሁ።

የአባቴ ፎቶ ቤት አንድ ኮት ነበረው፤
ጋሪ ነጂም፣ መምህርም፣ ሙሽራም ለበሰው።
ለቀጭን ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይጠባል፣
ለወፍራም ይሰፋል፣ ጀርባው ተተርትሯል።
ካሜራ ጀርባ አያይም።
ኪራዩ ስሙኒ ነው፣ ለቸገረው በዱቤ፣
ያገር ላብ ጠጥቷል፤ አሽትቼዋለሁ ቀርቤ።
ዛሬ ከሽምብጥ እስከ ግሽ ዓባይ በየሳሎኑ
ያው ኮት ተሰቅሏል፤
«የአባታችን» ይላሉ፣ ሁሉም እንዳመኑ።

አንድ ታንኳ ሠሪ መጣ፣ የሐይቁ ዳር ሰው፤
ወደ ኮቱ ሲዘረጋ አባቴ እጁን መለሰው።
«እሱ ከነካውማ ሌላው አይለብሰውም»
አለ በሹክሹክታ። ሰውየው ሰማ፤ ምንም አላለም።
ከአባቴ ፎቶዎች ሁሉ
በገዛ ልብሱ የቆመ እሱ ብቻ ነው።

ደግሞ ከጀርባቸው ሐይቅ አለ፤ ጣና ግን አይደለም፤
ሸራ ላይ ነው፣ ዝይ ይዋኝበታል አንገተ ረጅም፣
ተራራው በረዶ ለብሷል።
እውነተኛው ጣና መቶ እርምጃ ነው ከበር፤
በሱ ፊት ልነሣ ያለ ግን አልነበር።
ደንገል ውስጥ ቢንቢ አለ፣ ቢንቢዋ ውስጥ ወባ፤
ንዳድ ነው የሚቀድም መስከረም ሲጠባ።

ፎቶውን አሰፋሁት። ከወንበሩ ጥግ ላይ
አንዲት ትንሽ ልጅ አለች፣ ካሜራውን የማታይ፤
ቡሉኮ ተከናንባለች በዚያ ሁሉ ሙቀት፣
የሌላው ግንባር ላብ ያብለጨልጫል በመብራት።

«ይቺ ማን ናት?» አልኳቸው።
«አንጓች» አሉ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣
በሸሚዛቸው ጫፍ ደጋግመው ጠራረቁ።
«እኅቴ ናት። ሦስት ቀን ተኝታ ነበረ፤
አባባ አዝሏት ጤና ጣቢያ አደረ።
ለኪኒን የያዘውን ነው ለኮቱ የከፈለው፤
ኪኒኑ አልቋል ሲሉት ሳንቲሙን ምን ያርገው?
"እንግዲያስ አብራን ትነሣ" አለ። ተነሣን።
ፎቶውን ልንወስድ ስንመጣ አራት ነበርን።»

ኮቱን ያውቁት ኖሯል።
እኔ ደግሞ ልነግራቸው ምላሴን ስስል!

ውጭ ባጃጅ አለፈ። ከወደ ውኃው ዳር
እንቦጭ የሚነቅሉ ይጣራሉ ከባሕር።
ከዚያ መብራት ሄደ፤ ስክሪኑም አብሮ ጠፋ።
«ዱሮ እኮ…» ብለው ጀመሩ፤ ወሬው ግን አልሰፋ።
በጨለማው ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን፣
አንዳችን የሌላውን ትንፋሽ እየሰማን።

መብራቱ ሲመለስ ጠየቅኋቸው፦
«ቀሚሷ ምን ቀለም ነበር?»
«አረንጓዴ… አይ፣ ቢጫ።» ግንባራቸውን መቱ።
«ወይኔ! እሱንስ እንዴት ረሳሁት በሞቴ?»
«ዝይውንስ ላጥፋው? በኛ አገር በረዶም የለ፣
እንዲህ ያለ ዝይም የለ።»

ጣታቸው ስክሪኑ ላይ ሄደ፣ ከልጅቷ ዓይን ተነሥቶ
በቀስታ፣ በሸራው ውኃ ላይ፣ እስከዚያ ረጅም አንገት።
«ተው፣ ዝይውን ተወው» አሉኝ።
«እሱን ነበር የምታየው።»