ምራቅ መዋጥ

አርባ ዓመት ከሦስት ወር፣ ኮሎምቦ ከተማ፣
ባሌ ደሞዝ በላ ባለመዋጡማ።
ረጅም ጠረጴዛ፣ ነጭ ሲኒ ተደርድሮ፣
ከየማንኪያው ስቦ፣ በምላስ አዙሮ፣
ከላንቃው አጋጭቶ፣ በአፍንጫው መርምሮ፣
እንትፍ!
ከእግሩ ሥር ከቆመው የናስ እንስራ ውስጥ።
"ይኼ ከደጋው ነው፣ በጤዛ የተለቀመ፤
ይኼኛው ጆንያ ውስጥ ሁለት ወር የከረመ።"
አይስትም።
ሲመሽ ቤት ይገባና "ሶማ፣ ሻይ" ይለኛል፤
ሦስት መቶ ሲኒ የቀመሰን ሰው ሻይ እንዴት ይጠማዋል?
የኔን ግን ይውጠዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይውጠዋል፤
ፍቅር ያልነው ያ ነው፣ ሌላውን ማን ያውቀዋል።

በዝናቡ ወራት፣ ማክሰኞ ማለዳ፣
ግራ ጎኑ፣ ኪራይ እንዳለበት ሰው፣ ሳይሰናበት ከዳ።
እጁ ተመለሰ። ቃሉም ተመለሰ።
ጉሮሮው ብቻ ግን በር እየተሳሳተ ሳንባው ላይ አፈሰሰ።
ትን አለው በውሃ፣ ትን አለው በመረቅ፤
"ማነው ስምህን ያነሳው?" አልኩት እየሳቅሁ፤
በሁለተኛው ሳምንት፣ ትኩሳቱ ሲመጣ፣ መሳቄን አቆምሁ።

ራጅ ፊት አስቀምጠው ኖራ መሳይ ወተት በማንኪያ ሰጡት።
ቆሜ አየሁ፦
ምላሱ ገፋ፣ ማንቁርቱ ዘገየ፣ ክዳኑ ሳይደርስ፣
አንዲት ቀጭን ክር ወደ ሳንባው ወረደች ቀስ።
አላሳለም። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።
ከትንታ የሚብስ ይኼ ነው፦
ውሻው የለመደው ሌባ፣ ሳይጮኽበት ገባ።

ከዚያ ኢሻራን ላኩልን። ሃያ ስድስት ዓመቷ፣
የእስክሪብቶ ቀለም የነካው ከንፈሯ።
ገና ምራቋን ያልዋጠች ልጅ
የሰባ ሁለት ዓመት ሽማግሌ መዋጥ ልታስተምር!
ጉናዳሳ ጦፈ። "እኔን? በዚህ ምላስ
የመርከብ ሙሉ ሻይ ዋጋ የቆረጥሁትን?"
እሷ ወንበሩን አቀናች። ትራስ ከጀርባው ከተተች።
"አገጭዎን ወደ ደረት፣
የወደቀ የሸሚዝ ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው። እንዲያ።
የማንኪያ ግማሽ። አሁን አጥብቀው ይዋጡ፤
ደግሞ ባዶውን ይዋጡ፤ 'አ…' ይበሉ፣ ድምፅ ያውጡ።
ድምፅዎ ውሃ ውስጥ ያለ ከመሰለ፣ የቀረ አለና ይሳሉ፤
ከበሉ በኋላ ግማሽ ሰዓት ጋደም እንዳይሉ።"
ወደ እኔም ዞራ፦ "ጥርሱን ሳይቦርሽ አይደር፤
የአፍ ቆሻሻ ነው ሳንባ ወርዶ የሚያመረቅዝ።"

ከዚያ ሻዬ ላይ ዱቄት ነሰነሰች።
እኔ ያፈላሁት ሻይ ከማንኪያ አልወርድ አለ፣
እንደ ቀፎ ማር ዘገየ፣ ተንጠለጠለ።
ባሌ አየው። አሸተተው። ምላሱ ላይ አኖረው።
እንትፍ!
ነጭ ጋዋኗ ላይ።
"ይኼ ሻይ አይደለም፣ የሻይ ሬሳ ነው።"
እየጠረገች፦ "የየት አገር ነበር?"
"የኡቫ፤ የነሐሴ ነፋስ የመታው" አለ፣ ሳያስበው።
"ሬሳማ አገሩን አይናገርም" አለችው።

ይኸው ስምንት ወር። ሩዙን እፈጫለሁ፣ ዓሣውን ከነመረቁ።
ውሃ ብቻውን ዛሬም ጠላቱ ነው። ዳነ አልልም።
ግን ዱቄቱን ራሱ ይለካል፦ "አንድ ተኩል ማንኪያ፤
ሁለቱ ሻዩን ይገድለዋል፣ አንዱ እኔን።"
ኢሻራ ሰምታ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

እኔም ስንቱን ዋጥሁ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፤
እንባውን፣ ስድቡን፣ እናቱ በነበረች ጊዜ የተባልሁትን።
ያ ሁሉ ትን ሳይለኝ ወረደ።
አሁን ግን ማታ ማታ፣
ሲኒውን ይዞ አንገቱን ሲደፋ፣
ያንን የጠፋ ቁልፍ ሸሚዙ ላይ ሲፈልግ፣
ጉሮሮው ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤
እኔ ትንፋሼን ይዤ እጠብቃለሁ።
"አ…" ይላል።
ድምፁ ደረቅ ነው፣ ንጹሕ።
ያን ጊዜ፣
ምራቄን እውጣለሁ።