ከሳሽ

መዝገብ ቤት ነኝ እኔ፣ ቢቸና ፍርድ ቤት፤
ወረቀት በመርፌ ስሰፋ ዓመት ካመት
የድንበር፣ የውርሱን፣ የሰርግ ቤቱን ጠብ
በክብደቱ ብቻ አውቃለሁ መዝገብ።
አንዱ ብቻ ከብዶኝ መደርደሪያ አጣሁለት።

የእንየው ቢሻው ነው፣ የከብቱ ሐኪም፣
ላም ስታምጥ አዳሪ፣ ሰው የማይቀየም።
በማረሻ ምልክት ለምክር ቤት ቢቆም
ቅስቀሳው አንድ ነው፣ ሌላ ነገር የለም፦
«ማዳበሪያው ስለምን ከዝናብ ወዲያ ይመጣል?»
ገበያው ሳቀለት። አንዱ ግን ጽፎታል።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ኦዲተር ደረሰ።
አምና በሐምሌ፣ መብራት የጠፋ ለት፣
ፍሪጁ ሞቆበት የደፋው ክትባት፣
ቃለ ጉባኤ ይዞ ሦስት ሰው የፈረመበት፣
እንደ አርባ ቀን ልጅ ስም ወጣለት፦
«የሕዝብን ንብረት ሆን ብሎ ማባከን።»
ከፈረሙት ሦስቱ
አንዱ ሞቷል፣ አንዱ ሞጣ ተዛውሯል፣
አንዱ መጣልን፣
በዐቃቤ ሕግ በኩል።

ቀጠሮ። ዳኛው ሥልጠና ናቸው።
ቀጠሮ። ምስክሩን ወባ ያዛቸው።
ቀጠሮ። መኪናው ነዳጅ የለውም።
እኔ በየቀጠሮው ገጽ ስጨምር
መዝገቡ ወፈረ፤ ሰውዬው አለቀ።
ቀበቶ ክልክል ነው፤ ሱሪውን የያዘው
የኔው ሲባጎ ነው፣
የመዝገብ ማሰሪያው።

ውባንቺ፣ ሚስቱ፣ ከየዱሃ በእግሯ
ስንቅ ይዛ መጣች፣ አቧራ ነው ፀጉሯ።
ፖሊሱ መሃል ገብቶ «ስለ ጉዳያችሁ
አንዲት ቃል ክልክል ናት!» ብሎ ቆመላቸው።
እንየው አያት። አንገቷን። ጉንጯን።
የጋብቻ ቀለበት ወደ አውራ ጣት መዞሩን።
«ከሳሽ» አላት።
ሌላ አልጨመረም።
እሷም እንባዋን እንጂ መልስ አልሰጠችም።

ፖሊሱ እስክሪብቶ አውጥቶ ጻፈ፦
«ተከሳሽ ስለ ከሳሽ ሲናገር ተሰምቷል።»
ቀን አስገባ። ፈረመ።
«እንኪ፣ ስፊው» አለኝ።
ዲማ ጊዮርጊስ እኮ እዚሁ ማዶ ነው፤
የቅኔ ተማሪ፣ ቁራሽ የሚለምነው፣
ይህችን አንዲት ቃል ይፈታት ነበረ
ኮቾሮው ሳይደርቅ።
እንየውን ግን ማን ይፍታው?
ዝም አልኩ። መርፌዬን አነሣሁ።
ገጽ ሰማንያ ሰባት። ሰፋሁት።

ማታ ቤቴ ገብቼ ሻሼን ስፈታ
መስታወቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ
ትክ ብላ አየችኝ፣ ቆየች፣ ቆየችና
«ከሳሽ» አለችኝ።