ለካ

ባለ ሦስት እግሩን ጠረጴዛ ተክሎ፣
የባርታንግን ወንዝ ከበረዶው ነጥሎ፣
ቀያሽ ቤሊንኮቭ ነው፣ ከሩሲያ መጥቶ፣
አንዱን ዓይን ጨፍኖ አንዱን ዓይን ከፍቶ፣
ፓሚርን የለካ።

አባቴ ዳቭላትሾ ዘንጉን ይዞለታል፤
ወደ ግራ ሲለው ወደ ግራ ይላል።
ቋንቋ አይጋሩም፣ በእጅ ይጠቃቀሳሉ፤
ከገደል ገደል ላይ ቆመው ይተያያሉ።
ውኃ አፍልቶ ያነባል የጫፉን ከፍታ፤
ሻይ ነው ብሎ አባቴ ኩባያውን ፈታ።

ቀለሙ በብርድ ሲረጋ ሌሊቱን፣
በብብቱ ወሽቆ ያሞቃል ብልቃጡን።
ማለዳ ያሰምራል፣ ብዕሩ ሳይሰማ፣
ወንዙን በሰማያዊ፣ ገደሉን በቡናማ፤
ኪንዳርሽ መንደራችን ከነሰባት ቤቱ
አንድ ጥቁር ነጥብ ሆነ፣ የዝንብ ኩስ ስፋቱ።

አባቴ አየና መጀመሪያ ሳቀ፤
ኋላ ግን በጥፍሩ ነጥቡን ጥቂት ፋቀ፤
«እናቴስ የት ጋ ናት?» ብሎም ጠየቀ።
ቀያሹ ቃል አልገባው፣ ራሱን ነቀነቀ።

ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ በአንድ የበረዶ ሌሊት፣
መሬት ተንቀጠቀጠ፤
ተራራው ተነሣ፣
ወንዙ ላይ ተቀመጠ።
ውኃው መሄጃ አጣ፣ ኪንዳርሽን ዋጠ።
አባቴ ያን ሌሊት ማዶ አድሮ ነበረ፤
እሱ ብቻ ቀረ።

እኔ ከዚያ በኋላ የተወለድኩ ልጁ፣
ታሽከንት መዝገብ ቤት
አሮጌው ወረቀት ተዘርግቶልኝ፣
አቧራውን እፍ ብዬ፣
በአጉሊ መነጽር ጎንበስ ብዬ ሳይ፣
ነጥቡ እዚያው አለ። ጠርዙ ላይ ጭረት፣
የጥፍር።

የማይሄድ ተራራ መስሎኝ ነበር የለካ፤
የሚሄደውን ነው፣
ለካ።